ግማሹ ባዶ ነው

ያ ላፕቶፕ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁር ስክሪን ነበር። በጥቁሩ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፉ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ ከሥራቸው አንድ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ቁጥሩ እስኪያልቅ ማንም ምንም ካልነካ ኮምፒውተሩ በራሱ የላይኛውን መስመር ይመርጥና ወደ ዐረብኛው ዊንዶውስ ይገባል። ቁልቁል የምታመለክተውን ቀስት ቀድሞ የተጫነ ሰው ግን ወደ ሌላ ቤት ይገባል፤ ቀለሙም፣ አሠራሩም፣ ቋንቋውም ሌላ ነው። እዚያ ቤት የምገባው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዐረብ አገር፣ ደማም በኖርኩባቸው ዓመታት የኔ የምለው ቦታ ቢኖር እሱ ነው። የምተኛበት ክፍል እንኳ ግማሹ የሩዝ ከረጢትና የዘይት ጀሪካን ማስቀመጫ ነበር።

አል ሙሐመዲያ ሰፈር ወዳለው ቤት የገባሁት በአውሮፓውያኑ 2013 ነው። በኮንትራት፣ በአውሮፕላን፣ በሕጋዊ ወረቀት። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ታናሽ ወንድሜ ኋላ የመጣበትን መንገድ ስለማውቅ ነው። ማዳም በር ላይ ተቀብላኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሜን አይደለም፣ ስልኬን ነው። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ከሾፌሩ ጋር በስልክ ተማክራ ጠፍታባታለች። ከአሠሪው የጠፋ ሰው እዚያ አገር «ሁሩብ» ተብሎ ይመዘገባል። ሁሩብ የተባለ ሰው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ቢኖረውም እንደሌለው ነው፤ ፖሊስ ባገኘበት ያፍሰዋል። እንግዲህ በማላውቃት ልጅ ጥፋት ስልኬ መሳቢያ ገባ፣ ተቆለፈበት። አዲሱ ሾፌር ህንዳዊ ነበር፤ ከሰላምታ ያለፈ ቃል እንዳልለዋወጠው ተነገረኝ። ከቤተሰቤ ጋር የምገናኘው በወር አንድ ጊዜ በማዳም ስልክ ነው፤ ድምፁ ክፍት ተደርጎ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ። አማርኛ አትሰማም፤ ፊቴን ግን አትለቅም ነበር።

ክፉ ነበረች ብል አላህ ይጠይቀኛል። ሲያመኝ ሐኪም ቤት ወስዳኛለች፣ በረመዳን ከቤተሰቡ ማዕድ ለይታኝ አታውቅም። ሰው አለማመን ግን በደሟ ነበር። እኔም እንደማልታመን እያወቅሁ፣ በሄድኩበት ሁሉ ዓይኗን ጀርባዬ ላይ ተሸክሜ መኖር ለመድሁ። መልመዴ ራሱ ኋላ ሲገባኝ አናደደኝ።

ትልቋ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማር ነበር። በክረምቱ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ማለቴ ነው፣ ቤተሰቡ ሐሙስ ማታ ኾበር፣ አል ዐዚዚያ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ፤ ባሕሩን ለማየት ሳይሆን ሳምቡሳ ለመጥበስ። አጎቶቿና የአጎቶቿ ልጆች ግቢውን ሲሞሉት ልጅቷ ላፕቶፗን አቅፋ ወደ እኔ ወደ ማድ ቤት ትሸሻለች። አንድ ቀን ስትከፍተው ስክሪኑ ጠቁሮ ነጭ ፊደል ሲመጣ አየሁና፣

«ተበላሸ እንዴ?» አልኳት በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ።

ሳቀች። ለትምህርቷ ሌላ ሲስተም፣ ሊኑክስ የሚባል፣ እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። ሁለተኛ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ የዚህኑ ዲስክ መሃል ላይ ከፍላ ሁለቱን ጎን ለጎን ጭናቸዋለች። በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ነው፤ ወደ ሌላው ለመሄድ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ነው። የገረመኝ ቀጥላ ያለችው ነው።

«ከታችኛው ሆነሽ የላይኛውን ዕቃ በሙሉ ማየት ትችያለሽ። ከላይኛው ሆነሽ ግን ታችኛው መኖሩንም አታውቂም።»

«እኔ ማለት ነኛ!» አልኳት፣ የሳምቡሳውን ትሪ እንደያዝሁ። የነሱን ቤት እስከ መሳቢያው ድረስ አውቀዋለሁ፤ የኔን ክፍል ግን ከነሱ አንድ ሰው ገብቶበት አያውቅም። ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗን ሰበረች፣ እኔም ባልተናገርሁት ኖሮ አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይመስለኛል እልህ የያዛት። አንድ ከሰዓት በቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ስትፈልግ ቆይታ ጮኸች። «ነይ! ፊደላችሁ እዚህ አለ!» ሽንኩርት በነካ እጄ ሮጥሁ፣ ቁልፎቹን ከመንካቴ በፊት እጄን አስታጠበችኝ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ተጽፎ ነበር። የተረጎመው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንዳንዱ ቃል ያስቃል፣ አንዳንዱ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀርቷል። የቆሻሻ መጣያም አለው። «እዚህም ቆሻሻ መድፋት አልቀረልኝም» ብዬ ብቻዬን ከትከት አልኩ። ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ በዐረብኛ ልነግራት ሞከርሁ፣ አላሳቀም።

እኛ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የተማርነው በደብተር ላይ ስለን ነው። መብራትም መሣሪያም ስላልነበረ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይስላል፣ እኛ እንገለብጣለን፤ ወንድሜ የኔን ደብተር ወርሶ እሱም ያንኑ ገለበጠ። አሁን በሰው አገር፣ በሰው ዕቃ ላይ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምሁ ስሜን ስጽፍ እንባዬ መጣ። ልጅቷ በራሷ ስልክ ቁጥር መልእክት መላኪያ አካውንት ከፈተችልኝ። ፓስወርዱንም ራሷ አወጣች፣ ራሷ ጻፈች፣ ኮምፒውተሩ እንዲይዘው አደረገች።

«አንቺ ማስታወስ የለብሽም» አለችኝ። «እሱ ያስታውሳል።»

ከዚያ ተዳረችና ሪያድ ገባች። ላፕቶፑን ለሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቿ ለመጫወቻ ተወችላቸው። ዕቃዋ እየተጫነ ሳለ ማድ ቤት መጥታ አቀፈችኝና «ታችኛዋን ላንቺ ትቼልሻለሁ፤ ለማንም አትንገሪ» አለችኝ በጆሮዬ። በዚያ ቤት ውስጥ ስጦታ የሰጠኝ ሌላ ሰው ትዝ አይለኝም።

ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ምሳ ተበልቶ ቤቱ ጸጥ ይላል። ውጭው እሳት ነው፣ ሁሉም ኤሲውን ከፍቶ ይተኛል። እኔ የልጆቹ መጫወቻ ክፍል ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ላፕቶፑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ካውያውን አቁሜ እከፍተዋለሁ፣ ጥቁሩ ሲመጣ ቀስቷን እጫናለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ኮቴ በተሰማ ቁጥር ክዳኑን እዘጋ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ደፈርሁ። ወንድሜን በወሩ ስልክ «በዚህ ስም ፈልገኝ» ብዬው አገኘኝ፤ ከተሜ ልጆች በስልክ እንደሚያወሩት እኛም ማውራት ጀመርን። የእማዬን ጉልበት፣ የጎረቤት ሰርግ፣ የሱን ሥራ ማጣት። ሥራ ማጣቱን በየቀኑ ነበር የሚያወራኝ።

አንድ ሙሽኪላ ብቻ ነበር፤ ችግር ማለት ነው። ከታችኛው ሲስተም ወጥቼ ልጆቹ የላይኛውን ሲከፍቱ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ለምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር፤ ኋላ እንደሰማሁት ሁለቱ ሲስተሞች የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ለኔ ግን ያው ከዱካ አይለይም። ስለዚህ ባወራሁ ቁጥር ጨርሼ እወጣና፣ በዐረብኛው በኩል ተመልሼ ገብቼ፣ ሰዓቱን አስተካክዬ አጠፋዋለሁ። የእግሬን ዱካ ከነሱ ምንጣፍ ላይ እንደመጥረግ ነበር።

በ2016 ወንድሜ በየመን በኩል እመጣለሁ ብሎ ተነሣ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ የሰማሁትን ሁሉ ነገርሁት። የመን ውስጥ እየተዋጉ እንደሆነ፣ ሰው በባሕር እንደሚጣል፣ በበረሃ እንደሚቀር። «አንቺ ሄደሽ የለ?» አለኝ። እኔ በአውሮፕላን ነው የሄድሁት ብለው ምን ይጠቅማል። ለእማዬ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አገኘሁ ብሎ ዋሽቷት ወጣ፤ እኔም እንዳልነግርባት አስማለኝ።

መንገዱን የሰው ስልክ እየተዋሰ ጻፈልኝ። ኦቦክ ደርሻለሁ፣ ጅቡቲ ባሕር ዳር። ጀልባ እየጠበቅን ነው። ተሻገርን፣ አልሐምዱሊላህ። አንዳንዴ በድምፅ ይልካል፤ ከኋላው ነፋስ አለ፣ እሱም ያስለዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አቧራ ሲነካው የሚይዘው ደረቅ ሳል። እኔ ዐዚዚያ ሄጄ ባሕር ሳይ እሱ የተሻገረው ሌላ ባሕር መሆኑን እያወቅሁም ዓይኔን ከውኃው መንቀል ያቅተኝ ነበር።

እንዴት እንደሚያገኘኝ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። አል ሙሐመዲያ ና። መስጂዱን ፈልግ። ከመስጂዱ ፊት ለፊት በሩ ላይ የተበላሸ ፍሪጅ ያቆመ ባቃላ፣ ትንሽ ሱቅ ማለት ነው፣ አለ። ከሱ ቀጥሎ ቡናማ በር፣ በግንቡ ላይ የቁርቁራ ዛፍ ዘንበል ያለበት፣ እሱ ቤት ነው። አታንኳኳ። ከመንገድ አትጥራኝ። ካንተ ጋር ካዩኝ ያቺኛዋን አስታውሰው ሁሩብ ያደርጉኛል፤ አንተንም ያሲዙሃል። ጻፍልኝ ብቻ። ሰው ሲተኛ አነበዋለሁ፣ ቆሻሻ ልድፋ ብዬ እወጣለሁ፣ እንገናኛለን። ደጋግሜ አስባልኩት። እሱም እንደ ቁርኣን ተማሪ ቃል በቃል መለሰልኝ።

የመጨረሻው መልእክት በድምፅ የመጣ ነው። «እታለም፣ ነገ ድንበሩን እንሻገራለን ተብሏል። ስገባ እጽፍልሻለሁ። ጠብቂኝ።» ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ተራውን ሲጠይቀው ይሰማል። ደጋግሜ ሰማሁት። የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን ሲጠራ ደነገጥሁ፤ ማዳም በኮሪደሩ ስትራመድ ይሰማኛል። አጠፋሁና ክዳኑን ዘግቼ ወደ ካውያው ተመለስሁ። ሰዓቱን አላስተካከልሁም። ትዝም አላለኝ።

ያን ዕለት ልጆቹ ጨዋታ ላይ ነበሩ። የቁርኣን አስተማሪያቸው በር ላይ ደርሶ ሲደውል ትልቁ «ገና ነው፣ ሰዓቱን እይው» ብሎ ከእናቱ ጋር ተጨቃጨቀ። ማዳም መጥታ ስክሪኑን አየች። ታናሹም ዕድል ሲያገኝ ሌላ አቤቱታ ጨመረ፤ አዲሱን ጨዋታ ልጫን ሲል ቦታ ሞልቷል ይለዋል። በማግሥቱ ስነቃ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

«የልጆቹ ኮምፒውተር የት ሄደ?» አልኳት ማዳምን፣ አቧራ እንደምጠርግ ሆኜ።

«ሙሽኪላ አለበት። ሾፌሩ ኾበር፣ ዑለያ ጥገና ቤት ወስዶታል።»

 ወንድሜ ተሻግሮ ይሆናል፣ ጽፎልኝ ይሆናል፣ እያልሁ ዕቃ አጥባለሁ። አንድ ብርጭቆ ሰበርሁ። ማዳም ምን ሆነሻል ስትለኝ ራሴን አመመኝ አልኩ፤ ክኒን ሰጠችኝ፣ ዋጥሁት።

ላፕቶፑ ተጠግኖ የመጣ ዕለት ማዳም እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። የጥገና ቤቱ ሰው ታማኝ ነው አሉ። ሰዓቱን አስተካክሎ፣ ቦታ ለምን እንደሞላ ሲመረምር የዲስኩ ግማሽ ማንም ሳይጠቀምበት ተቀምጦ አገኘ። ዊንዶውሱ አያውቀውም፣ ምንም አልተጻፈበትም፣ ስለዚህ ጠርጎ ከልጆቹ ጋር ቀላቀለላቸው።

«ኑስ ፋዲ!» ትለኛለች እጇን እያወዛወዘች። ግማሹ ባዶ ነው! «አስቢው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ግማሹ ባዶውን ተቀምጦ!»

«ማሻ አላህ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ሲተኙ ከፈትሁት። ጣቴ ቀስቷ ላይ ነበረች። ጥቁሩ ስክሪን አልመጣም። ሁለቱ መስመሮች የሉም፣ ቁጥሩም የለም፤ በቀጥታ የነሱ ሰማያዊ ስክሪን፣ የልጆቹ ኳስ ተጫዋች ሥዕል። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ቀስቷን እየደጋገምሁ መታሁ። ሌሎቹንም ቁልፎች ነካካሁ። እንደገና አጠፋሁት። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ካውያው የማዳምን ዐባያ ጫፍ እስኪያሳርር ድረስ አልተነሣሁም። ለዐባያው ተቆጣችኝ፤ ቁጣዋን እንደ ምሕረት ነው የተቀበልኩት፣ ለማልቀስ ምክንያት ሰጠኝ።

ከዐረብኛው በኩል ልገባ ሞከርሁ። ፓስወርድ ይለኛል። እሱ ያስታውሳል የተባለው እሱ ራሱ የለም። አዲስ ልክፈት ስል ስልክ ቁጥር አስገቢ ይለኛል። ስልክ ቢኖረኝ ምን አስለፋኝ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የጠበቅሁት እሱን አይደለም፣ መርዶውን ነው። የመን ውስጥ ቦምብ ሲወርድ ማዳም ቲቪ ከፍታ ታያለች፤ እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ስክሪኑ ላይ የወደቁትን ሰዎች እግር አያለሁ። ሳሉን በእንቅልፌ እሰማለሁ። ድንበር የሚሻገሩ ልጆች ድንበሩ ሥር ያለችው ጂዛን ገብተው ወራት ካልሠሩ እስከ እኛ ድረስ እንደማይዘልቁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከቤታችን ፊት ያለውን መንገድ ማየት በሐሳቤም አልመጣም። ጣራ ላይ ወጥቼ ልብስ አሰጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መንገዱን ልይ ብል እንኳ የጣራው ግንብ እስከ አንገቴ ነው።

ወራት አልፈው፣ በማዳም ስልክ፣ እማዬ «ወንድምሽ ከጅቡቲ ተመለሰ» አለችኝ።  ማዳም ፊቴን እያየች ስለሆነ ጥርሴን ነከስሁ።

«ደህና ነው?»

«ከስቷል። ማንንም አያናግርም።»

«ስጪኝ፣ እማዬ፣ ስጪኝ።»

ስልኩ አፍ ላይ እጅ ሲደረግበት ይሰማል፣ ሹክሹክታ አለ፣ ከዚያ እማዬ ተመለሰች። «የለም፣ ወጥቷል» አለችኝ። ከጎኗ ያ ደረቅ ሳል ተሰማኝ።

ሕያው መሆኑን ያወቅሁት በሳሉ ነው፣ እንደማይፈልገኝም ያወቅሁት በዚያው ሳል ነው። በሚቀጥለው ወርም የለም ተባልኩ። ከዚያ በኋላም። ድንበር ላይ ተይዞ ተመለሰ ብዬ ገመትሁ፤ ግን ለዚህ እኔ ምን አደረግሁት?

ለዒድ የማዳም ትልቋ ልጅ ነፍሰ ጡር ሆና ከሪያድ መጣች። ማድ ቤት ስታገኘኝ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝና ወዲያው ስልኳን አወጣች። ፓስወርዱን ከረሳችው ቆይቷል። መክፈቻ የሚሆነው ቁጥር ደግሞ ወደ ድሮ መስመሯ ነው የሚላከው፤ እሱን ስትዳር ጥላዋለች፣ ባሏ አዲስ አውጥቶላታል። እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ አላለቀስሁም፣ ሩዙ እሳት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት እንኳ የሩዙ ማረር ያሳሰበኝን ራሴን አልወደድሁትም።

በ2019 ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫዬ ማለት ነው፣ ተመታልኝ። ልጆቹ አዲስ ኮምፒውተር ስለተገዛላቸው አሮጌውን ማዳም ሰጠችኝ፤ «ለወንድምሽ ልጆች ይሆናል» አለች። የምትወጣ ሠራተኛ ሻንጣ ይፈተሻል፣ የቤቱ ወግ ነው። ልብሴን አንድ በአንድ አየች። ላፕቶፑንም ከፍታ ነካካችና የልጆቿ ፎቶ እንዳልቀረበት አረጋገጠችና፣ «ማፊ ሸይ» አለች። ምንም የለም። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አየር ማረፊያ አልመጣም። ቤት ስደርስ ተነሥቶ ሰላም አለኝ፣ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበለኝ፣ እንደ እንግዳ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። በዚያ ጨዋነቱ ሊገድለኝ ነበር። ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር። ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት እማዬ ለቅሶ ቤት ሄዳ ሁለታችን ቀረን፤ ባጃጁን ሲያጥብ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

«ምን በደልሁህ?» አልኩት።

ጨርቁን ጨምቆ ዘረጋው። «መጥቼ ነበር» አለኝ።

«የት?»

«ደማም። ሙሐመዲያ።»

ከጂዛን ማዶ ሳር የጫነ መኪና አግኝተው፣ ከሳሩ ሥር ገብተው፣ ሪያድ አደሩ፤ ከሪያድ ደግሞ በሌላ መኪና። ወራት ይፈጃል ያልኩት መንገድ ለሱ ቀና። መስጂዱን አገኘ። ፍሪጁ በሩ ላይ የቆመውን ባቃላ አገኘ። ቡናማውን በር፣ የቁርቁራውን ዛፍ። ሁሉም እኔ እንዳልኩት ነው አለኝ። መስጂዱ ጥላ ውስጥ ከጫማ መደርደሪያው ጎን ተቀመጠ። ባቃላው ውስጥ የሚሠራ የኛ አገር ልጅ ስልክ አበደረው።

«ጻፍኩልሽ። ልጁ እስኪሰለቸኝ ድረስ ጻፍኩልሽ። ሰው በሚተኛበት ሰዓት እየጠበቅሁ። በማግሥቱም ቁጭ አልኩ። በሚቀጥለውም።»

ከድንጋዩ ተነሣሁ።

«ጣራ ላይ አየሁሽ» አለ። «የልጆቹን ነጭ ጀለቢያ ታሰጪ ነበር። ራስሽና ክንድሽ ብቻ ነው የሚታየው። እጅሽን ወደ ላይ ስታነሺ ለኔ መስሎኝ እኔም አነሣሁ።» እጁን እንዴት እንዳነሣ አሳየኝ፣ ውኃው በክንዱ ወረደ። «ከዚያ መቆንጠጫውን ሰክተሽ ወረድሽ።»

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«አትጥራኝ ብለሽኝ የለ?»

ከዚያ በኋላ ፖሊሶች መስጂዱን ሲከቡ ተያዘ፣ እስር ቤት ቆይቶ ተመለሰ። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጨረሰው።

እኔ ግን ማስረዳት ነበረብኝ። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሁለት ነው አልኩት። ሲከፈት ጥቁር ይመጣል። ታችኛውን ከመረጥሁ አማርኛ ነው፣ አንተ የምትጽፍልኝ እዚያ ነው። ላይኛው ታችኛውን አያየውም። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። አስተካክለው ብለው ጥገና ቤት ሲወስዱት ሰውየው ባዶ መስሎት ጠረገው። እየተናገርሁ ሳለ የራሴን ድምፅ እሰማለሁ፣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በደብተር ላይ ኮምፒውተር ስሎ ላደገ ልጅ አንድ ዕቃ ሁለት ነው ብሎ ማስረዳት እንዴት ይቻላል? ወንድሜ አላቋረጠኝም። ተሳፋሪ ሒሳብ የለኝም ብሎ ሲያወራው እንደሚሰማ ሰው ጎማውን እያጠበ ሰማኝ።

«ቆይ ላሳይህ» ብዬ ሮጬ ላፕቶፑን አመጣሁ። ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ አበራሁት። ጣቴ በልማዷ ቀስቷ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ጎንበስ ብሎ አየ፤ እጁ ውኃ ስለነበረ ራቅ አድርጎ ያዘው። ሰማያዊው መጣ፣ የነሱ ሙዚቃ ጮኸ፣ ኳስ ተጫዋቹ ወጣ። ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ልክ ነበረች።

«የታለ?» አለኝ።

«ጠፋ» አልኩት። «ባዶ ነው ብለው አጠፉት።»

ስክሪኑን ትንሽ አየውና ወደ ባልዲው ተመለሰ።

«እኔ ግን እዚያው ነበርኩ» አለ።